አንቀጽ ሰባት እና የሐርተሼክ ጠረጴዛ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ጅግጅጋ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እስካሁን የማልረሳው፣ አሸንፌ እየጨፈርኩ ድሌን ከእጄ ስለነጠቁኝ ነው። የነጠቁኝ ደግሞ ተቃራኒዎቼ አይደሉም፤ የራሴ አጋር ናቸው።

ቢኒ እባላለሁ። ሥራዬ የፍየልና የበግ ድለላ ነው፤ አንድ ቀን ቀብሪበያ፣ አንድ ቀን ጅግጅጋ። ሳልኩራራ ልንገራችሁ፣ ፍየሏን ከሩቅ አይቼ፣ አፏን ሳልከፍት፣ ዕድሜዋን ከነፀባይዋ እናገራለሁ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል። እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልለመንኩት።

ታዲያ የፍየል ደላላ ብሪጅ በሚባል የፈረንጅ ካርታ ምን አገባው? ልንገራችሁ።

የምኖረው ጋሽ በዛብህ ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ጋሽ በዛብህ እዚሁ ጅግጅጋ የተወለዱ ናቸው፤ አያታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ። እሳቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ በነበረ ጊዜ በመጋዘን ሹምነት ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ልጅ የላቸውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግቢያቸው ጭጭ ያለ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሠርግ የተደገሰ ይመስላል።

ቅዳሜ የሐርተሼክ ጓደኞቻቸው ይመጣሉ። አንዱ አዴር ዩሱፍ ናቸው፤ እህል ጭነው ወደ ካምፕ የሚያመላልሱ ሾፌር የነበሩ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ እኛም እንደዛው ነው የምንጠራቸው። ሁለተኛዋ እትዬ ፀሐይ ናቸው፤ ያኔ የካምፑ ክሊኒክ ነርስ፣ አሁን የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ምላሳቸው ከመርፌያቸው የባሰ ይወጋል ይባላል። ብሪጅን ሦስቱንም ያስተማራቸው አንድ ፂማም ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ሄደ፣ ካምፑም ተዘጋ፣ ጨዋታው ግን ከእነሱ ጋር ቀረ።

ሌላም የቀረ ነገር አለ፤ ጠረጴዛው። የሐርተሼክ አናጢ የዕቃ ሳጥን ክዳን ገጣጥሞ የሠራው ነው። ከጎኑ ላይ የተጻፈበት ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል። ለሃያ ምናምን ዓመት ከዚህ ጠረጴዛ ሌላ ላይ ተጫውተው አያውቁም። አንዱ እግሩ ያጥራል፤ ካርታ በወረወርክ ቁጥር ይወዛወዛል።

አራተኛው ሰው፣ የጋሽ በዛብህ አጋር የነበሩት፣ ልጆቻቸው ዘንድ አዲስ አበባ ጠቅልለው ገቡ። ብሪጅ ያለ አራት ሰው አይሆንም። ሁለት ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሌዎች ካርታ ይዘው ሲተያዩ ዋሉ። በሦስተኛው ጋሽ በዛብህ በሬን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ካርታ ትችላለህ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁት ጋሼ?» አልኳቸው። «ጅግጅጋ ውስጥ ካርታ የሚችል ማን ነው ብለው ይጠይቁ።» የማውቀው ኮንከር ብቻ ነበር። እሱንም በማጭበርበር።

ብሪጅ እንዲህ ነው። ሁለት ለሁለት ነው፤ አጋርህ ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ጨዋታው ሳይጀመር ጨረታ አለ። ይሄን ያህል ዙር እወስዳለሁ፣ በዚህ ዓይነት ካርታ፣ ብለህ ትጠራለህ። ተቃራኒህ «አትችላትም» ካለ «ደብል» ይላል፤ ማሸነፉም መሸነፉም እጥፍ ይሆናል። አንተ ደግሞ «ሪደብል» ማለት ትችላለህ፤ የእጥፍ እጥፍ። መናገር ያልፈለገ «ፓስ» ይላል። በቃ ገበያ ነው! እንደሰማሁት ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። እኛ ከብት ገበያ ዋጋ የምንነጋገረው እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በላዩ ላይ ሽርጥ ጥለን፣ በጣት ነው። አጠገብህ የቆመው ሰው እንኳን አያውቅም። ብሪጅ ላይ ግልብጥ ነው። ከአጋርህ ጋር የተስማማችሁትን ሁሉ ለተቃራኒ መናገር ግዴታ ነው። አጋርህ አንድ ነገር ሲጠራ፣ ተቃራኒ ወደ አንተ ዞሮ «ምን ማለቱ ነው?» ካለህ፣ ቁጭ ብለህ ታስረዳዋለህ። አጋርህ ራሱ አያስረዳም፤ ፊቱንም ማጨማደድ አይፈቀድለትም።

«ጋሼ፣ ምስጢሬን ለጠላቴ የምነግር ምን ሆኜ ነው?» ብላቸው፣

«ምስጢር የለም» አሉ። «ውል ነው ያለው። ውል ደግሞ በጠረጴዛ ላይ ነው።»

ውል ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ሃያ ሦስት አንቀጽ ያለው ወረቀት በካርቦን ገልብጠው፣ በሦስት ኮፒ አመጡልኝ። አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለፋይል። አርዕስቱ «በአጋሮች መካከል የተደረገ የጥሪ ስምምነት» ይላል። ከታች የፊርማ ቦታ አለው። ሰውየው መጋዘን ያለ ወረቀት ከፍተው አያውቁም፤ ካርታም ያለ ወረቀት አይከፍቱም።

«አንብበውና ፈርም» አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ፊደል እለያለሁ፤ የስልክ መልእክት አነባለሁ፤ የሱቅ ታፔላ አነባለሁ። ይሄ ግን የቢሮ ጽሑፍ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ይነሳና ሐረር ደርሶ ይመለሳል። መሃል ላይ ስደርስ መነሻው ይጠፋኛል።

«አነበብከው?» አሉኝ።

«አንዴ ዓይን ካሳረፍኩበት በቂ ነው» አልኩና ፈረምኩ። ፊርማዬ ግን ያምራል፤ ሚኒስትር ፈርሞ አያውቅም እንደዛ።

የራሴን ኮፒ ምን እንዳደረግኩት ደግሞ ስሙ። ቅዳሜ ጠረጴዛው ሲወዛወዝ አላስቻለኝም። ኮፒዬን ስምንት ቦታ አጥፌ ካጠረው እግር ሥር ወተፍኩት። ልክክ አለ! ሃያ ምናምን ዓመት የተወዛወዘ ጠረጴዛ ቀጥ አለ። ሦስቱም አመሰገኑኝ። እትዬ ፀሐይ እንኳን «ጭንቅላት አለህ ለካ» አሉኝ።

መቼም ጨዋታው ቶሎ ነው የገባኝ። ቢያንስ ለእኔ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ እኔ ጠራሁ፣ እትዬ ፀሐይ ደብል አሉ፣ ጋሽ በዛብህ ወዲያው ሪደብል አሉ። እኔ ምንም ሳይገባኝ ፓስ አልኩ። ጋሽ በዛብህ እጃቸው ሙሉ ነበር፤ ተቃራኒዎቻችን ፈርተው ወደ ሌላ ጥሪ ሸሹ፣ ደቆስናቸው። በቃ ያን ቀን ተማርኩ አልኩ። ገበያ ላይም እኮ እንደዛው ነው። ባለፍየሉን «አታወጣም» ስትለው ይባስ ብሎ ዋጋ ከጨመረ፣ በፍየሉ ተማምኗል ማለት ነው። ሪደብል ማለት ጉልበት ነው። አጋርህ ሪደብል ካለ ፓስ ብለህ እጅህን አጣጥፈህ ቁጭ። ይሄን ለማወቅ ሃያ ሦስት አንቀጽ ምን ያደርጋል?

እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። አንድ ቅዳሜ አዴር ዩሱፍ ካርታቸውን ሳያነሱ «እኔ እንግዲህ ባቢሌ ልገባ ነው» አሉ። ልጃቸው እዛ ነው ያገባችው፤ ብቻቸውን አይኖሩም ብላ ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ እሺ አስብላቸዋለች።

ከዛ ጋሽ በዛብህ «ጠረጴዛውስ?» አሉ።

እንግዳ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። ጨዋታው ያለው ጠረጴዛው ያለበት ነው። ጅግጅጋ ከቀረ አዴር ዩሱፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ባቢሌ ከሄደ እኛ ነን የምንሄደው። ባቢሌ ደግሞ ሰፈር አይደለም፤ ካራማራን ወጥተህ፣ ዳካታን አቋርጠህ ነው። የጋሽ በዛብህ ጉልበት ሚኒባስ መውጣት አይወድም። ከሁሉም በላይ ጠረጴዛው ከሄደ እሳቸው ግቢ ማን ይመጣል?

አዴር ዩሱፍም የራሳቸው ጭንቀት አላቸው። «ባቢሌ ማንን አውቃለሁ?» አሉ። «ጠረጴዛው ካለ ቢያንስ እናንተ ትመጣላችሁ።»

«በጨዋታ ይለይ» አሉ እትዬ ፀሐይ። «ሦስት ቅዳሜ እንጫወት። ያሸነፈ ጠረጴዛውን ይውሰድ።»

ተስማሙ። እኔ ከሁሉም በላይ ደስ አለኝ። «ጋሼ አይስጉ» አልኳቸው ማታ በር ላይ። «ይሄ ጠረጴዛ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አይልም። እኔ እያለሁ!»

ጋሽ በዛብህ ፈገግ አሉ። «እግዜር ይስጥህ» ብቻ ነው ያሉኝ። የዛን ዕለት ድምፃቸው ሲለሰልስ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው የገባኝ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አሸነፉን። ሁለተኛውን አሸነፍን። ሦስተኛው ይሄ የምነግራችሁ ነው። ስንናነቅ ቆይተን የመጨረሻው እጅ ወሳኝ ሆነ። እሱን የወሰደ ጠረጴዛውን ይወስዳል።

ካርታ ታደለ። የኔን ገለጥኩት። ስድስት ልብ፣ ንግሥቷን ጨምሮ። ሌላው ቆሻሻ ነው። አበባ የሚባለው ጥቁሩ ካርታ አንዲት ብቻ አለችኝ፣ እሷም ሁለት ቁጥር።

ጋሽ በዛብህ ጀመሩ። «አንድ አበባ» አሉ። አንድ ማለት ከአሥራ ሦስቱ ዙር ሰባት እወስዳለሁ ማለት ነው።

አዴር ዩሱፍ «ደብል» አሉ።

እኔ የምለው የለኝም። ፓስ።

እትዬ ፀሐይ ካርታቸውን አዩ፣ ጋሽ በዛብህን አዩ፣ እንደ ድመት ፈገግ አሉ። «ፓስ» አሉ። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ደብሉን አጸደቁት ማለት ነው። በኋላ እንዳየነው ስድስት አበባ ታቅፈው ነበር።

ጋሽ በዛብህ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሪደብል» አሉ።

አዴር ዩሱፍ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደ እኔ ዞሩ። ለመጠየቅ መብታቸው ነው።

«ወርያ ቢኒ፣ ይሄ ሪደብል በእናንተ ውል ምን ማለት ነው?»

ምን እንደሚል ባላውቅም አለማወቄን ማን ያውቃል? ደረቴን ነፋሁ።

«አዴር፣ ይሄማ ጉልበት ነው! ጋሼ እጃቸው ሙሉ ነው ማለት ነው። ደብላችሁ አያስፈራንም፣ ጨምሩ ማለታችን ነው። በውላችን ላይ ግልጥ ብሎ ተጽፏል።»

ጋሽ በዛብህ እንዲናገሩ ሕጉ አይፈቅድም። ፊታቸውን እንዲያጨማድዱም ሕጉ አይፈቅድም። ግን ጆሯቸው በርበሬ መሰለ። የጆሮ ሕግ የለም።

እኔ ደግሞ ቀዩን ጆሮ አይቼ «ጋሼ በደስታ ደማቸው ፈላ» አልኩ በሆዴ።

አዴር ዩሱፍ ተጨነቁ። ጋሽ በዛብህን ሠላሳ ዓመት ያውቋቸዋል፤ ቀልድ አያውቁም። ውል ካለ ውል ነው። አሰቡ፣ አሰቡ፣ ሸሹ። «አንድ ልብ» አሉ።

ልብ! እጄ ላይ ስድስት ልብ ተኮልኩሎ! አልቆየሁም፤ «ደብል!» ስል ጎረቤት ሳይሰማ አይቀርም።

ከዛ በኋላ የሆነውን ለአዴር ዩሱፍ ክብር ብዬ አሳጥረዋለሁ። ሰባት ዙር እወስዳለሁ ብለው አራት ወሰዱ። እትዬ ፀሐይ ያንን ሁሉ አበባ ይዘው ዝም ብለው ሲመለከቱ፣ ድግስ ላይ ተጠርቶ ወጥ ያላገኘ እንግዳ ይመስሉ ነበር። ጋሽ በዛብህ ካርታ ይወረውራሉ፤ ቃል አይተነፍሱም።

የመጨረሻው ካርታ ሲወድቅ ከወንበሬ ዘለልኩ። ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ጠረጴዛውን ሳምኩት። «አላልኩም? እኔ እያለሁ ንቅንቅ አይልም አላልኩም?» እያልኩ ግቢውን ዞርኩ። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሸሹኝ።

ተመልሼ ስመጣ ጋሽ በዛብህ ቆመዋል። መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«ዩሱፍ፣ ፀሐይ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ጨዋታው ሳያልቅ መናገር ስለማልችል ነው። አሁን አልቋል። አጋሬ የሰጣችሁ ማብራሪያ ስህተት ነው።»

ቤት ገብተው የፋይሉን ኮፒ ይዘው ወጡ። መነጽራቸውን አደረጉና በመጋዘን ድምፃቸው አነበቡ።

«አንቀጽ ሰባት። ከሁለታችን አንዳችን በአንድ ቁጥር ጠርተን፣ ተቃራኒ ወገን ደብል ብሎ፣ ሌላኛው ተቃራኒ ፓስ በማለት ደብሉን ካጸደቀ በኋላ፣ ጠሪው ራሱ ተመልሶ ሪደብል ያለ እንደሆነ፣ ይህ ጥሪ የጥንካሬ ሳይሆን የድረስልኝ ጥሪ በመሆኑ፣ አጋር በማናቸውም ምክንያት ፓስ ሊል አይችልም፤ ያለውን ረጅም ዓይነት ወዲያውኑ ይጠራል።»

ለካ ያለፈው ሪደብል ሌላ ነው፣ ይሄኛው ሌላ። ያኔ ጠሪው እኔ ሆኜ አጋሬ ነበሩ ሪደብል ያሉት፤ እሱ ጉልበት ነው፣ ፓስ ይባልበታል። ራሱ ጠሪው ተከቦ ሪደብል ካለ ግን «ሰጠምኩ፣ አውጣኝ» ነው። ጋሽ በዛብህ አበባቸው ሦስት ብቻ፣ እሱም የማይረባ ነበር። እኔ እዛ ሰውዬው እየሰጠሙ «ጋሼ ዋና ይችላሉ» እያልኩ ለጠላት ሳስረዳ ነበር።

እትዬ ፀሐይ ዓይናቸውን ጣሉብኝ። «አንተ፣ ይሄን ውል ፈርመሃል አይደል?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ያንተ ኮፒ የታለ?»

በአገጬ ወደ መሬት አመለከትኩ።

«ምን አለ መሬት ላይ?»

እትዬ ፀሐይ ጎንበስ አሉ። ከጠረጴዛው እግር ሥር የወጣ ነጭ ጫፍ አዩ። ያዙና መዥረጥ! ጠረጴዛው ዘመመ። አራት ብርጭቆ ሻይ ተንሸራቶ አዴር ዩሱፍ ጭን ላይ አረፈ። ካርታው ሁሉ ሻይ ጠጣ።

አዴር ዩሱፍ በሶማልኛ የሆነ ነገር አሉ፤ የማውቀው ነው ግን እዚህ አይጻፍም። ከዛ ሱሪያቸውን እያራገፉ ሳቁ። ሲስቁ እትዬ ፀሐይም ሳቁ። «ለዚህ ነው ለካ ቀጥ ያለው! በሕግ ላይ ቆሞ!»

ጋሽ በዛብህ ብቻ አልሳቁም።

አዴር ዩሱፍ ይሄን አዩና «በዛብህ፣ ተወው በቃ» አሉ። «ልጁ ተሳስቶ ነው እንጂ አላጭበረበረም። አሸንፋችኋል።»

«ዩሱፍ፣ ሐርተሼክ አንድ ጆንያ በስህተት ቢወጣ፣ ልጁ ተሳስቶ ነው ብዬ መዝገቡን እዘጋው ነበር?»

አዴር ዩሱፍ ይሄን ያውቃሉ። ሲጭኑ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲህ በትክክል ቢነገርህ ምን ታደርግ ነበር?» አሏቸው ጋሽ በዛብህ።

«በትክክል ቢነገረኝማ ንቅንቅ አልልም። ፓስ።»

«ከዛ ተራው የልጁ ነው» አሉ ጋሽ በዛብህ። ወደ እኔ ዞሩ። «ዩሱፍ ፓስ ቢል ኖሮ አንተ ምን ትል ነበር?»

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቁም ነገር አለ። ሁሉ ነገር በእኔ አፍ ላይ ወደቀ። ስድስት ልቤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሻይ ቢጠጣም ይታያል። «አንድ ልብ እል ነበር» ካልኩ አለቀ፤ ከመስጠም እንወጣለን፣ ጠረጴዛው ምናልባት ይቀራል። ማንም ውሸታም ነህ ሊለኝ አይችልም። በሥራዬ ቀን አሥር ጊዜ ከዚህ የባሰ እዋሻለሁ፤ ያረጀች ፍየል ጥርሷን ገና እያበቀለች ነው ብዬ ሸጬ አውቃለሁ።

ጋሽ በዛብህን አየኋቸው። ጠረጴዛው ከሄደ ግቢያቸው ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ግን ቀና ብለው መልሴን ይጠብቃሉ፤ ልክ የቆጠራ ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው። መልሱ እንዲጥማቸው ሳይሆን እንዲጻፍ ነው የሚፈልጉት።

«ፓስ እል ነበር» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጋሼ፣ ውሉን አላነበብኩትም። ማንበብ ከብዶኝ ነው። ሪደብል ሁሉ ጉልበት መስሎኝ ነበር። ፓስ እል ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ። ይሄ አፍ ተይዞ አያውቅም፤ ያን ቀን ተያዘ።

ጋሽ በዛብህ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። እርሳስ አውጥተው ከሻይ የተረፈ ወረቀት ላይ ሒሳቡን ሠሩ። ፓስ ብል ኖሮ የሚደርስብን ዕልቂት እንኳን ያን እጅ ሦስቱንም ቅዳሜ የሚበላ ነው። «ጠረጴዛው የዩሱፍ ነው» አሉና ፈረሙበት። ከዛ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው፣

«ግማሹ ጥፋት የኔ ነው» አሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ዕቃውን ቆጥሮ ሳይረከብ አስፈርሜ አላውቅም። አንተን ሳላስቆጥር አስፈረምኩህ።»

ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጠረጴዛውን ሚኒባስ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ካራማራ ኬላ ላይ ፈታሹ «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ «የፍርድ ውሳኔ» አልኩት። አልሳቀም።

ከዛ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ በዛብህ፣ እትዬ ፀሐይና እኔ ባቢሌ እንሄዳለን። ጋሽ በዛብህን ሚኒባስ ላይ የማወጣቸው እኔ ነኝ፤ እንደ ጠረጴዛው ተጠንቅቄ። ጋሽ በዛብህ ደግሞ በነፃ አይወጡም፤ የሚከፍሉኝ ማንበብ በማስተማር ነው። ሚኒባሱ እንደተንቀሳቀሰ ያንን ሻይ የጠጣ ኮፒዬን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ። በጉዞ አንድ አንቀጽ፤ ከገባኝ ሁለት።

መጀመሪያ ቀን እየተንተባተብኩ ሳነብ ሚኒባሱ ሙሉ ፀጥ ብሎ አዳመጠኝ። «ተቃራኒ ወገን... ደብሉን ካ... ካጸ... ካጸደቀ በኋላ...»

ከኋላ ጫት የያዘች ሴትዮ አላስቻላትም። «የውርስ ጉዳይ ነው? ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «አጋሬ ሊሰጥሙ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፓስ አይልም ይላል?» አለ ረዳቱ። «ሰውየው ካልፈለገስ?»

«በማናቸውም ምክንያት አይችልም!» አሉ ጋሽ በዛብህ ከፊት ወንበር። ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ዳካታ እስክንደርስ ሲከራከሩ ነበር። ሴትዮዋ ባቢሌ ስትወርድ ለጋሽ በዛብህ ፈረደች።

ጋሽ በዛብህ ዓርብ ማታ ኮታቸውን በር ላይ ይሰቅላሉ። ጉልበታቸው ያማል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ከእኔ ቀድመው በር ላይ ናቸው። በቀሩት ቅዳሜዎች ደግሞ አዴር ዩሱፍ ራሳቸው «ስለ ጤናችሁ ልጠይቅ» ብለው ጅግጅጋ ይመጣሉ። ያለ ጠረጴዛው ስለማይጫወቱ ተቀምጠው ያለፈውን ጨዋታ ሲከራከሩ ይውላሉ። ከጨዋታው የበለጠ ጫጫታ አለው። እኔ እንደውም «የኔ ስህተት ነው ቅዳሜን የጨዋታና የክርክር ብሎ ሁለት ያደረገላችሁ» እላቸዋለሁ። እትዬ ፀሐይ «ሂድ ወዲያ» ይሉኛል።

አሁን ሃያ ሦስቱንም አንቀጽ ጨርሻለሁ። ሃያ አራተኛውን ጋሽ በዛብህ ራሳቸው ጨመሩት። «ይህ ውል ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል» ይላል። ይሄን ሳልንተባተብ ነው ያነበብኩት። ገበያ ላይም ደላሎች ወረቀት ሲመጣባቸው «ቢኒ ጋ ውሰዱት» ማለት ጀምረዋል። እንግዲህ ሳልኩራራ ነው የምነግራችሁ።

ስለዛ ቀን ሳስብ አሁንም ጆሮዬ ይቀላል። ግን በሕይወቴ ካልኳቸው ፓሶች ሁሉ የምኮራው በያቺ ማንም ባልተጫወተባት ነው።

ጠረጴዛው ባቢሌ ላይም ይወዛወዛል። አዴር ዩሱፍ በሄድኩ ቁጥር «ወርያ ቢኒ፣ ያቺን ወረቀትህን ከእግሩ ሥር መልሳት እንጂ» ይሉኛል።

ባቢሌ እንደሆነ ለውዝ ሞልቷል፤ ልጣጩን ያስገቡበት። የኔን ወረቀት አልሰጥም።